ሽምብራ የምታህል ማንጎ

ትናንት ማታ ሽምብራ ሽምብራ የሚያህሉ ሁለት ማንጎዎች ሠራሁ። እህቴ ከውጭ በላከችልኝ ፖሊመር ክሌይ ነው። ስሙ ክሌይ ይባል እንጂ ፕላስቲክ ነው፤ ፀሐይ ላይ ብታሰጡት አይደርቅም፣ ወደ 130 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል።

ልጅ ሳለን ሰፈራችን ሹም አቦ ዝናብ ባባራ ቁጥር የመረሬ ጭቃ በሬ እንሠራ ነበር። ቀንዱን ስንተክልለት ያምራል፤ በማግስቱ ሆዱ ተሰነጣጥቆ ይጠብቀናል። ይሄኛው አይሰነጠቅም፣ ያርራል እንጂ! ኦቨን ስለሌለኝ ከማንጎዎቹ በፊት የሠራኋቸውን ሎሚዎች ኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ ጣድኳቸው። ጠቆሩ። ጭሱ ጉሮሮ ይይዛል (ጋዙ መርዛም ነው፣ መስኮት ክፈቱ)። እናቴ «ደግሞ ምን እያሳረርሽ ነው?» እያለች መጣች። አሁን ትንሽ ኦቨን ተውሻለሁ።

የሎሚ ቆዳ ምስጢሩ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ ነው። ቢጫውን ድቡልቡል ሳይጋገር በብሩሹ ጠቅ ጠቅ ስታደርጉት እነዚያ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይወጣሉ። የማንጎዎቹን ጉንጭ ደግሞ ቀይ ጠመኔ ፍቄ በጣቴ ቀባሁት። ዘይቱና ግን እምቢ አለኝ። ሽታ የሌለው ዘይቱና ምኑን ዘይቱና ሆነ?

እንዲህ ትንንሽ ነገር ስሠራ ወለቃ ትዝ ይለኛል፤ እዚያ፣ ጎንደር አጠገብ፣ የቤተ እስራኤል ሴቶች ትንንሽ የሸክላ ምስሎች እየሠሩ ለመንገደኛ ይሸጡ ነበር። የእነሱ ጭቃ ከአገሩ መሬት የተዛቀ ነው፣ የእኔ በሻንጣ የመጣ። ይከነክነኛል።

ለማንኛውም ማንጎዎቹ የጆሮ ጌጥ ሊሆኑ ነበር። ጠዋት ብነሳ አንዷ የለችም። የጎረቤት ዶሮ ሳትውጣት አልቀረችም።