በፍሪሞንት መንገድ የሰማነው፣ ያልሰማነውም



ባለፈው ዓመት እኛ ባልና ሚስት ከልጃችን ጋር ሆነን ወደ አሜሪካ አገር፣ ላስ ቬጋስ ወደምትባለው ከተማ ተጉዘን ነበር። «እናንተን ደግሞ ቁማር ከተማ ምን ወሰዳችሁ?» የሚለን እንደማይጠፋ እናውቃለን። የሄድነው ለሠርግ ነው። ጎንደር ሳለን አጥር ለአጥር የምንዋሰናቸው ጎረቤቶች ነበሩን፤ ልጃቸው ዛሬ በላስ ቬጋስ ታክሲ ይነዳል። በዚያ ከተማ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ በታክሲ፣ በሆቴል፣ በቁማር ቤቶቹም ውስጥ ይሠራሉ። ልጁ «ጋሼና እትዬ ካልመጡ ሠርጌ ሠርግ አይሆንም» ብሎ ደጋግሞ ለመነን። ልጃችንም ከጦር ሠራዊት ገና መሰናበቷ ስለነበር ሦስት ሆነን ሄድን።

ሠርጉ በሰላም አልቆ ሁለት ቀን ተረፈን። ሙሽራውን «ምን እንይ?» ብለን ብንጠይቀው፣ «የድሮውን የቁማር ሠፈር፣ ፍሪሞንት መንገድን እዩ። በእግር የሚታይ ነው። ገንዘብ ግን ይዛችሁ አትሂዱ» አለን። ቀጥሎም እንዲህ አለ፦ «እኔ ሰውን ከአውሮፕላን ማረፊያ እየሳቀ አመጣዋለሁ፤ ዝም ብሎ እመልሰዋለሁ።»

አስጎብኚ ሰው አልቀጠርንም። ልጃችን በስልኳ ላይ የድምፅ አስጎብኚ ጫነች። ነገሩ ቀላል ነው፤ ስልኩ ከየት መጀመር እንዳለባችሁ ይነግራችኋል፣ እዚያ ስትደርሱ ትከፍቱታላችሁ፣ ተራኪው ስለ ቦታው ያወራል፣ ሲደክማችሁ ታቆሙታላችሁ። ማንም አያጣድፋችሁም። ችግሩ ድምፁ የሚናገረው በእንግሊዝኛ መሆኑ ነው። ስለዚህ ልጃችን ማዳመጫውን በአንድ ጆሮዋ ሰክታ ትሰማለች፣ በአማርኛ ትነግረናለች፣ አማርኛው ሲያጥራት በዕብራይስጥ ትሞላዋለች። ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አልነበረም። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ በኩፓት ሆሊም፣ በትምህርት ቤት፣ በባንክ ጆሯችንም አፋችንም እሷ ነበረች። ብዙዎቻችሁ ይህን ታውቁታላችሁ።

ጉዞው የሚጀምረው ፕላዛ ከሚባለው ሆቴል ፊት ለፊት ነው። ቦታው ድሮ የባቡር ጣቢያ ነበረ። ላስ ቬጋስ የተቆረቆረችው በዚሁ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ጽፈናል።) በግንቦት ወር 1905 የባቡር ኩባንያው በረሃውን ሸንሽኖ በሁለት ቀን ሐራጅ ሸጠው። ባቡሩ ውኃ የሚቀዳበት ማረፊያ ፈልጎ ነበር፤ ከተማው ከዚያ ተወለደ።

ልጃችን ይህን ነግራን ስታበቃ ድምፁ ገና ይናገር ነበር። እሷ ግን ዝም አለች። ፊቷን ወደ ሐዲዱ አዞረች። «ምን ይላል?» አልናት። «ምንም፤ ስለ ሌላ ሠፈር ነው» አለች። እናት የልጇን ፊት ታውቃለች። «ያለውን ሁሉ ንገሪን፤ ቀንሰሽ አትንገሪን» አልናት። ትንሽ አመንትታ ነገረችን።

ከሐዲዱ ማዶ ያለው ሠፈር ዌስትሳይድ ይባላል። ጥቁሮች እንዲኖሩ የተገፉት ወደዚያ ነበር። በቁማር ቤቶቹ ውስጥ ወለል ይጠርጋሉ፣ አልጋ ያነጥፋሉ፣ ሰሃን ያጥባሉ፤ በእንግድነት ግን በበሩ አይገቡም። እንደ ናት ኪንግ ኮልና እንደ ሳሚ ዴቪስ ያሉ ስመ ጥር ዘፋኞች እንኳ በመድረኩ ላይ ከተጨበጨበላቸው በኋላ ለማደር ወደ ዌስትሳይድ ይሄዱ ነበር። በ1955 ሙላን ሩዥ የሚባል፣ ነጭና ጥቁር አብሮ የሚገባበት ሆቴልና ቁማር ቤት ተከፈተ፤ በዚያው ዓመት ተዘጋ። ጄምስ ማክሚላን የሚባል ጥቁር የጥርስ ሐኪም በ1960 «በሮቹ ካልተከፈቱልን በአደባባይ ሰልፍ እንወጣለን» ብሎ አስጠነቀቀ። የከተማው ሹማምንትና የቁማር ቤት ባለቤቶች ሰልፉን ፈሩ፤ በመጋቢት 26 ቀን በዚያው በሙላን ሩዥ ተሰብስበው ክልከላው እንዲነሣ ተስማሙ። ሕንፃው ዛሬ የለም።

«ለምን ልትዘይው ፈለግሽ?» አልናት። «ሠርግ መጥታችሁ ደስ ብሏችኋል፤ እንዳታዝኑ ብዬ ነው» አለች። እኛም ሆቴል ጠርገን፣ ሰሃን አጥበን ነው ያሳደግናት። ስለዚህ አላዘንም። ሰልፍ ሲፈራ ማየትም አዲስ አልሆነብንም። ግን «ከዚህ በኋላ ሁሉንም» ብለን ቃል አስገባናት።

ከዚያ ጉዞው ፈጠን አለ። ጎልደን ጌት የተባለው ሆቴል በ1906 ተከፈተ፤ በከተማው የመጀመሪያው ስልክ በ1907 የገባው እዚያ ነው፣ ቁጥሩም «1» ነበር። ቁማር በኔቫዳ ሕግ በ1909 ታግዶ፣ በመጋቢት 1931 እንደገና ተፈቀደ። በላስ ቬጋስ የመጀመሪያውን ፈቃድ የወሰደችው ሜሚ ስቶከር የምትባል ሴት ነበረች። በዚያው ዓመት ከከተማው ወደ 50 ኪሎ ሜትር ርቆ የትልቁ የሁቨር ግድብ ሥራ ተጀመረ። መንግሥት ለሠራተኞቹ ቦልደር ሲቲ የሚባል ከተማ ሠራላቸው፤ በዚያ ቁማርም መጠጥም ክልክል ነበር። ታዲያ ሠራተኛው ደመወዙን ሲቀበል ወዴት ይሂድ? ወደ ፍሪሞንት መንገድ መጣ። ድንጋይ ሲፈነቅል የሰነበተበትን ገንዘብ በአንድ ሌሊት አራግፎ ተመለሰ።

የመንገዱ ራስ በብረት ጣሪያ ተሸፍኗል። ጣሪያው በ1995 ተሠርቶ ያለቀ ሲሆን፣ በ2019 ከታደሰ ወዲህ ከ49 ሚሊዮን በላይ ጥቃቅን መብራቶች አሉት። ከጎኑ ከ1951 ጀምሮ የቆመ፣ ባርኔጣ ያጠለቀ የከብት እረኛ የመብራት ሥዕል አለ፤ ድሮ መንገደኛውን በእጁ ይጠራ ነበር፣ ዛሬ እጁ አይንቀሳቀስም። እኛ ቀና ብለን እያየን «ይህ ሁሉ መብራት የሚከፈለው በማን ገንዘብ ነው?» ተባባልን። መልሱን ለማየት ከቤቶቹ ወደ አንዱ ገባን።

ውስጡ መስኮት የለውም፤ በግድግዳውም ሰዓት አላየንም። ሩሌት የሚባለው ጨዋታ ዘንድ ቆምን። የሚሽከረከር መንኮራኩር ነው፤ እንደ ገበጣ ጉድጓድ ያሉ 38 ቤቶች አሉት። ከ1 እስከ 36 ቁጥሮች ናቸው፤ ሁለቱ ዜሮና ድርብ ዜሮ ናቸው። ትንሽ ኳስ ትሽከረከርና አንዱ ላይ ታርፋለች። ልጃችን በሒሳብ ጎበዝ ናት፤ እንዲህ ብላ አስረዳችን፦ «በ38ቱም ቤት አንድ አንድ ዶላር ብታስቀምጡ 38 ዶላር አወጣችሁ። አንዱ ቁጥር የግድ ይወጣል፤ የሚከፈላችሁ 35 ዶላር ነው፣ የራሳችሁን አንድ ዶላር ጨምራችሁ 36 ይሆናል። ሁለቱ ዶላር የቤቱ ነው። ማንም ሳይሰርቅ፣ ማንም ሳያጭበረብር፣ ሁልጊዜ ሁለቱ የቤቱ ነው።» አንድ ሰው ዛሬ ሊያሸንፍ ይችላል። መንገዱ ግን ከመቶው አምስት ያህሉን እየለቀመ፣ ከ1931 ጀምሮ ሌሊቱን ቀን አድርጎ አለ። አባቶቻችን «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» ይሉ ነበር። እዚህ ሞኙ ራሱ ሞፈሩን ተሸክሞ ይመጣል።

ጣሪያው ካለቀ በኋላ ትንሽ ዘልቀን ኤል ኮርቴዝ ደረስን። በ1941 የተከፈተ፣ መልኩ ብዙ ያልተለወጠ ቤት ነው። በ1945 ከገዙት ሰዎች መካከል በግዚ ሲግልና ሜየር ላንስኪ ይገኙበታል። ሁለቱም አይሁዶች ናቸው፤ ሁለቱም በአሜሪካ የወንበዴዎች ዓለም ስማቸው የታወቀ። ድምፁ እዚህ ላይ አበቃ። እስራኤል ውስጥ የታወቀውን ቀሪውን ታሪክ ግን እኛ ጨመርንበት። ላንስኪ በ1970 ወደ እስራኤል መጥቶ በ«ሖክ ሀሽቩት»፣ በመመለስ ሕግ፣ ዜግነት ጠየቀ። ሕጉ ወንጀል ያለበትንና ለሕዝብ የሚያሰጋውን ሰው መመለስ ይፈቅዳል። ክርክሩ እስከ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሄዶ በ1972 ተፈረደበት፤ ከአገር ወጣ። ያው ሕግ ለቤተ እስራኤልም እንደሚሠራ መንግሥት የተቀበለው በ1975 ነው። ያን ቀን ሲጠብቁ አርጅተው ያለፉ አባቶች ነበሩን። «ገንዘብ ያልከፈተውን በር ድሆቹ ገባንበት» ብለን ኩራት ቢጤ ተሰማን።

ኩራቱ ብዙ አልቆየም። ጥላ ፈልገን ተቀምጠን ሳለ ልጃችን ማዳመጫውን አወለቀች። «ሁሉንም ንገሪን ብላችሁኛል አይደል?» አለች። «እንግዲህ አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ከባንክ ደብዳቤ መጥቶ ነበር። ባንኩ የሚከፈትበት ሰዓት ተለወጠ ነው የሚለው አልኳችሁ። ውሸት ነው። ሚኑሱ ከተፈቀደላችሁ በላይ ሄዷል ነበር የሚለው። ደግሞ ገንዘቡ የት እንደሚሄድ አውቅ ነበር። የሎቶውን ወረቀት ከስኳሩ ዕቃ በስተጀርባ እቆጥረው ነበር።»

ሎቶ በየሳምንቱ የሚቆርጠው ከሁለታችን አንዱ ነው። የትኛው እንደሆነ እዚህ አንጽፍም፤ ሌላውም አይቶ ዝም ብሏልና። በሳምንት 60 ሼቄል፣ አንዳንዴም የሚፋቀው ካርድ ይጨመርበታል። ለአሥራ አንድ ዓመት። ልጃችን እዚያው በስልኳ አሰላችው፦ ካርዱ ሳይቆጠር 34,320 ሼቄል። የሎቶውንም ዕድል አሰላችው። ከ37 ቁጥር ስድስት፣ ከሰባት ደግሞ አንድ መምታት ያስፈልጋል፤ ይህ ከ16 ሚሊዮን በላይ ከሚሆኑ አማራጮች አንዱ ነው። ከሩሌቱ እንኳ በጣም ይከፋል። እኛ ደግሞ የሁለቱን ዶላር ሰዎች ስናይ «ምስኪኖች» ብለን ነበር።

«ለምን ዋሸሽን?» አላልናትም። «ለምን ብቻሽን ተሸከምሽው?» አልናት። «እኔ ፊት እንዳታፍሩ ብዬ ነው» አለች። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ለወላጆቿ ሚስጥር ጠባቂ ሆና እንደነበር ያወቅነው ከቤታችን እጅግ ርቀን፣ ቁማር ቤት በር ላይ ተቀምጠን ነው።

ውድ አንባቢዎቻችን፣ ይህን የጻፍነው ማንንም ለመገሠጽ አይደለም። ከሎቶው ገንዘብ ትምህርት ቤትና የሕዝብ አዳራሽ እንደሚሠራበት እናውቃለን። አዲስ መጥታችሁ ቋንቋው ሲከብድ ልጅ ደብዳቤ ማንበቡ ግድ ይሆናል፤ እኛም ሌላ መንገድ አልነበረንም። ነገር ግን ልጃችሁ ደብዳቤ ይዞ ዓይኑን ሲሰብር ካያችሁ፣ «ሁሉንም ንገረኝ፤ አልቆጣም» በሉት። የባንክና የሕክምና ጉዳይ ከሆነም ቋንቋ የሚያውቅ ትልቅ ሰው ፈልጉ፤ ልጁ ልጅ ይሁን።

እኛ ወደ ቤታችን ከተመለስን በኋላ በየሳምንቱ 60 ሼቄል በቆርቆሮ እናስቀምጣለን። ሐቁን ለመናገር፣ በሦስተኛው ሳምንት እግር ወደ ኪዮስኩ ሄዶ አንድ ወረቀት ተቆርጧል። አልወጣም። በዚያ ሰንበት ልጃችን ስትመጣ ራሳችን ነገርናት። እሷም ቆርቆሮውን አውርዳ ቆጠረችውና «ስድሳ ይጎድላል» ብላ ክዳኑን ገጠመችው።