ዓሣ ተማሪው ጓደኛችንና እኛ

ከዲምቱ ተነሥተን ወደ ዩኒቨርሲቲ የገባነው ሦስት ነን። ሁለታችን በአርት ፋኩልቲ ታሪክና ቋንቋ እንማራለን፤ ሦስተኛው ጓደኛችን ግን የዓሣን ሥነ ሕይወትና የዓሣ ሀብትን አያያዝ ይማራል። ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው እኛ ሁለታችን ነን። የምናቀርበውም ጓደኛችንን ለማመስገን ብቻ ሳይሆን ያጠፋነውን ጥፋት ለመናዘዝ ጭምር ነው። ከአንባቢ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንም መካከል ከዚህ ጥፋት ንጹሕ የሆነ ብዙ ሰው እንደማይገኝ እንገምታለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጓደኛችን የዓሣን ትምህርት ወድዶ አልመረጠም። እንደ ብዙዎቻችን ውጤቱ ተደምሮ፥ የፈለገው ክፍል ሞልቶ፥ የተረፈው ቦታ ደረሰው። ስሙ በማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ በዓሣ ተማሪዎች ዝርዝር ውስጥ የተገኘ ዕለት እኛ ከሣቅ ብዛት መቆም አቅቶን ነበር። «ዓሣ ጐርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ከሚለው ተረት ወስደን «ጐርጓሪው» የሚል ቅጽል ስም አወጣንለት። በምግብ ቤት ሰልፍ ላይ ሳይቀር የሚጠራው በዚሁ ስም ሆነ። እርሱም አብሮን ይሥቅ ስለ ነበረ የተቀየመ አልመሰለንም።

ባለፈው መስከረም ጊፋታን ከወላጆቻችን ጋር ልናከብር ወደ አገራችን ገባን። ጊፋታ፥ ለማያውቀው አንባቢ፥ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ ጐረቤት ዓመቱን ሙሉ ባጠራቀመው ገንዘብ በሬ ገዝቶ የሚጥልበት፥ የተጣላም የሚታረቅበት በዓል ነው። በጓደኛችን አባት ቤት ሽማግሌዎች ተሰብስበው፥ ሥጋው እየተቈረጠ፥ በቅመም የተፈላው የቡና ቅጠል እየተቀዳ ሳለ የትምህርት ነገር ተነሣ። አንደኛችን «ታሪክ እማራለሁ» ቢል «የካዎ ጦናን ነገር ጽፈህ ታቈይልናለህ» ተብሎ ተመረቀ። ሁለተኛችን «ቋንቋ» ቢል «መልካም ነው፤ ከመንግሥት ቤት እንጀራ አያጣም» ተባለ። ተራው ለጓደኛችን ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዓሣ» አለ።

ቤቱ ጥቂት ጸጥ አለ። ከዚያ አንድ አረጋዊ «ልጄ፥ ዓሣ ለማጥመድ ዩኒቨርሲቲ ምን ያደርግልሃል? መረብ አይበቃህም?» ሲሉት ሣቁ ፈነዳ። በዚህ ጊዜ አባትየው ወደ እኛ ዞረው «እናንተ አብራችሁት ናችሁ። ይህ ትምህርት ምንድን ነው? እስቲ አስረዱን» አሉ። እንግዲህ ቃል ማሳመርን የሚማር ሰው ቃሉ የሚያስፈልግበት ሰዓት ይኸው ነበር። እኛ ግን «ዘንዶውን እስኪያወጣ እየጠበቅን ነው» ብለን መለስን። ሣቁ እንደ ገና ተነሣ። አባትየው ብቻ አልሣቁም። ለልጃቸው መሳፈሪያና ልብስ ብለው ጊደር መሸጣቸውን እናውቅ ነበር።

ማታ ለብቻችን ስንሆን ጓደኛችን አንድ የታጠፈ ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ አሳየን። ትምህርቱን ለማቋረጥ የጻፈው ማመልከቻ ነበር፤ የቀረው ቀኑና ፊርማው ብቻ ነው። «ስንመለስ አስገባዋለሁ። አባቴ በሰው ፊት ሲያፍር ሁለተኛ ማየት አልፈልግም» አለን። የምንመልሰው ጠፍቶን ዝም ብንል እርሱው ቀጥሎ «ለጊዜው ግን መምህሬ ያዘዙኝ ሥራ አለብኝ። ወደ አባያ ወርጄ ዓሣ እለካለሁ። ቍጥር የሚጽፍልኝ ሰው እፈልጋለሁ» አለ። እኛም ኀፍረታችንን ለመሸፈን ያህል እሺ አልን።

ከዲምቱ ወደ ሶዶ፥ ከሶዶም በአርባ ምንጭ መንገድ ወደ ሁምቦ ወረድን። እዚያ ዘመድ ቤት አድረን ገና ጎሕ ሲቀድ ከሐይቁ ዳር ደረስን። አባያን እኛ ከመጽሐፍ እናውቀዋለን። ወደ 1,160 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ፥ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ሁሉ ትልቁ መሆኑን፥ ቦተጎ የተባለውም ኢጣሊያዊ አገር አሳሽ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1895 እስከ 1897 ባደረገው ጕዞ በንጉሡ በኡምቤርቶ ሚስት ስም «ማርጌሪታ» ብሎ ሰይሞት እንደ ነበረ ለጓደኛችን ተረክንለት። አዳምጦ ሲያበቃ «ውሃው ለምን ቀይ እንደ ሆነስ ታውቃላችሁ?» ሲል ጠየቀን። አላወቅንም።

ጀልባዎቹ ሲመለሱ ሥራችንን ጀመርን። ጓደኛችን የመለኪያውን ሰሌዳ ዘርግቶ፥ ትንሿን ሚዛን አቁሞ፥ ቆሮሶውንና አምባዛውን አንድ በአንድ እያነሣ ርዝመቱንና ክብደቱን ይጠራል፤ እኛ እንጽፋለን። ዓሣ አጥማጆቹ ሲፈቅዱለት ሆዱን በምላጭ ከፍቶ ወንድ ይሁን ሴት፥ እንቍላል ይዛ ወይም ገና ልጅ ሆና እንደ ሆነ ያያል። ሴቷ ቆሮሶ እንቍላሏን በአፏ ውስጥ ይዛ እንደምትጠብቅ፥ ጫጩቶቹም ከተፈለፈሉ በኋላ አደጋ ሲመጣ ወደ እናታቸው አፍ እንደሚሸሹ የነገረን ያን ጊዜ ነው። አምባዛም ከውሃ ወጥቶ ቶሎ የማይሞተው፥ ከስንጥቡ ሌላ አየር የሚስብበት አካል ስላለው መሆኑን አሳየን።

«ዕድሜያቸውን በምን ታውቃለህ?» አልነው። ብርድ ባለበት አገር ክረምት ሲመጣ የዓሣ እድገት ስለሚቆም፥ በጆሮው ውስጥ ባለችው ድንጋይ ላይ እንደ ዛፍ ግንድ በያመቱ ቀለበት ይታተማል፤ በእኛ አገር ግን እንዲህ ያለ ብርድ ስለሌለ ቀለበቱ ያሳስታል፤ ስለዚህ ብዙ ዓሣ በያወሩ መለካት ግድ ነው አለን። ፈረንጅ ለገዛ ውሃው የሠራው መለኪያ ለእኛ ውሃ ሁልጊዜ እንደማይሆን ከዚህ ተማርን።

ከመካከላቸው አንዲት 19 ሴንቲ ሜትር የሆነች ቆሮሶ እንቍላል ሞልታ ተገኘች። ጓደኛችን ለጥቂት ጊዜ በእጁ ይዟት ቆየ። ዓሣ ሳይወልድ የሚጠመድ ከሆነ ሐይቁ እየተራቈተ ይሄዳል፤ ትልልቁ እየተለቀመ ሲያልቅም በልጅነታቸው የሚወልዱት ትንንሾቹ ብቻ ይተርፋሉ፤ የእርሱ ትምህርት ዋና ጥያቄ «ስንት ቢወሰድ፥ በየትኛው መረብ፥ በየትኛው ወራት ቢወሰድ ለከርሞ ይተርፋል?» የሚል ነው አለን። አንድ ሸምገል ያሉ ዓሣ አጥማጅ ይህን ሰምተው «ልክ ነህ ልጄ፤ ዱሮ እንዲህ ያለችውን እንመልሳት ነበር። ዛሬ እርሷን ብመልስ ምን ይዤ ቤቴ እገባለሁ?» አሉት። ጓደኛችን መልስ አልነበረውም። ቍጥሯን ብቻ ጠራልን፤ ጻፍን።

ወደ ረፋዱ ላይ ወረቀታችን አለቀ። ጓደኛችን ኪሶቹን ሲዳብስ ቆይቶ ያችን የታጠፈች ማመልከቻ አወጣ። «በጀርባዋ ጻፉባት» አለን። እርስ በርሳችን ተያይተን ጻፍንባት።

ስንጨርስ አንድ ጠርሙስ የሐይቅ ውሃ ቀድቶ ያዘ። «ቀዩን ውሃ አላወቃችሁትም» አለ። «አፈር ነው። ከላይ ከደጋው፥ ከጉራጌ ተራሮች የሚነሣው ቢላቴ የእኛን አገር ዳር እየጠረገ መጥቶ እዚህ ይገባል። በክረምት ምን መስሎ እንደሚወርድ አይታችሁታል። ይህ ደቃቅ አፈር በውሃው ውስጥ ተንሳፍፎ ስለሚቀር የፀሐይ ብርሃን ወደ ታች አይገባም። ብርሃን ከሌለ በዓይን የማይታዩት የውሃ ተክሎች አይበዙም፤ እነርሱ ካልበዙ ደግሞ ቆሮሶ የሚበላው ያጣል። አባያ ከጐረቤቱ ከቻሞ በስፋት እየበለጠ በዓሣ የሚያንሰው ስለዚህ ነው።»

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ዓሣ ማለት የሐይቅ ዳር ሰው ነገር፥ ለበሬና ለእንሰት አገር ባዕድ ትምህርት ይመስለን ነበር። ለካ ትምህርቱ የሚጀምረው ከአባቶቻችን እርሻ ነው።

በመልስ ጕዞ ላይ ስንጠይቀው ብዙ ነገር አጫወተን። የጣናን ነጫጭ ዓሦች ሩፔል የተባለው ጀርመናዊ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1830ዎቹ እንደ ገለጻቸው፥ ፕሮፌሰር ሽብሩ ተድላም በ1973፥ በዚያው አቆጣጠር፥ ስለ ኢትዮጵያ ዓሦች መጽሐፍ እንዳሳተሙ ነገረን። ከጣና ዓሦች ብዙዎቹ በክረምት ለመውለድ እንደ ጉማራ ወዳሉት ገባር ወንዞች ስለሚወጡ፥ በወንዙ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው የዓመቱን ዘር በጥቂት ሌሊት ሊጨርሰው ይችላል። በእኛው በአባያና በቻሞ ተፈጥሮ ያኖረው ነጭ ዓሣ፥ በ1950ዎቹ ከሌላ ውሃ ተወስዶ በቪክቶሪያ ሐይቅ ቢጨመር፥ የሐይቁን ተወላጅ ዓሦች በመቶ የሚቈጠር ዓይነት አጥፍቷል ይባላል። ለአገራችንም ስለ ዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 315/1995 ወጥቷል፤ ግን «የዓሣውን ልክ ለክቶ የሚነግር ሰው ከሌለ አዋጅ በምን ይፈርዳል?» አለን። ይህን ሁሉ ሲናገር «ጐርጓሪው» ያልነው ሰው አልመሰለንም። ሁለት ዓመት ሙሉ አብረነው ስንኖር አንድ ቀን ጠይቀነው አናውቅም ነበርና።

ቤት እንደ ገባን ጠርሙሱን ከግድግዳው ሥር አኖረው። ሌሊቱን ሙሉ ሳይነካ አድሮ በማግስቱ ብናየው እንደ ቀላ ነው፤ አልጠራም። ጓደኛችን ለአባቱ አቀረበላቸውና «አባዬ፥ ይህን እየው። የቢላቴ ዳሩ እርሻችን ነው። ሐይቅ ውስጥ አገኘሁት» አላቸው።

አባትየው ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሥተው ብዙ ጊዜ አዩት። በመጨረሻ «እንግዲያው ተምረሃልና መልሰህ አምጣልኝ» አሉ። እንደ በዓሉ ቀን የሚሥቅ አልነበረም።

«የወረደውን አላመጣውም» አለ ጓደኛችን። «ያልወረደውን ግን ማስቀረት ይቻላል።» ስለ እርከን፥ ከወንዙ ዳር ሣር እንዲበቅል ሳይታረስ ስለሚተው መሬት ነገራቸው። ቃል ሲያጥረው እኛ በወላይትኛ አገዝነው፤ በጊፋታ ዕለት የተጠየቅነውን የዚያን ቀን መለስን። አባትየው ግን በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም። «ያች የወንዝ ዳር በቆሎ የእናትህ የጨውና የጋዝ ናት» አሉ። ከብዙ ክርክር በኋላ አሥር እርምጃ ያህል ለአንድ ዓመት ሊተዉ ተስማሙ፤ «ለዓሣው ሳይሆን ለአንተ ብዬ ነው» አሉት።

አሥር እርምጃ አባያን እንደማያጠራው እናውቃለን። የሸመገሉት ዓሣ አጥማጅ ጥያቄም እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ጓደኛችን ግን ትምህርቱን አላቋረጠም። ያች ወረቀት በመዝገቡ መካከል ተጣጥፋ አለች፤ በፊቷ ያልተፈረመ ማመልከቻ፥ በጀርባዋ የዓሣ ርዝመት በእኛ እጅ ጽሕፈት።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ በመኝታ ክፍልህ ውስጥ ስሙ የሚያሥቅ ትምህርት የሚማር ጓደኛ ይኖርህ ይሆናል። ቅጽል ስም ከማውጣትህ በፊት ምን እንደሚለካ ጠይቀው። በተለይ እኛ የአርት ተማሪዎች አንድ ዕዳ አለብን፤ ባልንጀራችን በቍጥር ያገኘውን ነገር ለአባቱ በሚገባው ቋንቋ መናገር የእኛ ሥራ ነው። ዓሣ ጐርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ብለን ነበር፤ የእኛ ጓደኛ ያወጣው ግን የገዛ አፈራችንን ነው።