ስለ መወልወልና ስለ መጠበቅ

ሰው የሚያብለጨልጭ ነገር ባየ ጊዜ ጽኑ ነው ብሎ ያምናል። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጉለሌ በሚገኘው ግቢዬ ውስጥ ከጎረቤት ልጆች ጋራ የዶቅዶቄ ሞተር ስወለውል ሰንብቻለሁና፣ ስለ አሉሚኒየም ጠባይ የማውቀውን ለእናንተ ለወጣቶች ልጽፍ ወደድሁ። «መምህርን ከዶቅዶቄ ምን አገናኘው?» የሚል ቢኖር፣ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ከመዝሙሩና ከሒሳቡ ጋራ የእጅ ሥራ ሰዓት ነበረን፤ ሞርሳና ሞረድ የለመደ እጅ ደግሞ ጡረታ አይወጣም።

አሉሚኒየም በምድር ቅርፊት ውስጥ ከብረት ይልቅ የበዛ ሲሆን ሰው ያገኘው ግን ዘግይቶ ነው። ኤርስቴድ የተባለ የዴንማርክ ሊቅ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1825 ከሌላው ለይቶ አወጣው። ከዚያ በኋላ ስድሳ ዓመት ያህል ብርቅ ሆኖ ኖረ፤ አሜሪካኖች በ1884 በዋሽንግተን ሐውልት ጫፍ ላይ ያስቀመጡት ቁራጭ አሉሚኒየም ነበር። በ1886 አሜሪካዊው ሆልና ፈረንሳዊው ኤሩ፣ አንዱ የሌላውን ሥራ ሳያውቅ፣ በኤሌክትሪክ ኀይል የሚወጣበትን መንገድ ስላገኙ ረከሰ፤ ዛሬ ሽሮ የሚንተከተክበት ድስት ሆኗል። ክብደቱ የብረት ሲሶ ያህል በመሆኑና ሙቀትንም ቶሎ በማስተላለፉ፣ የሞተር ብስክሌት ሠሪዎች የሞተሩን ማቀፊያና ቴስታታውን ከርሱ ያበጃሉ። (ቴስታታ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን የሚሉት የመካኒኮቻችን ቃላት ጣሊያንኛ ናቸው፤ ጠላት በ1933 ዓ.ም. ሲወጣ ቃሉን ጥሎልን ሄደ።)

እንግዲህ ጠባዩን ተመልከቱ። አሉሚኒየም በተፋቀ ቅጽበት ከአየሩ ኦክሲጅን ጋራ ተዋሕዶ ቆዳ ያወጣል፤ የቆዳው ውፍረት አንድ ሚሊሜትር ለሚሊዮን ቢከፈል ጥቂት እጅ ብቻ ስለሆነ በዓይን አይታይም። የብረት ዝገት እየተፈረፈረ ብረቱን ይበላዋል፤ ይህ ቆዳ ግን እንደ ተጣበቀ ይቀርና ከሥሩ ያለውን ይጠብቃል። ይሁን እንጂ ጠላቶች አሉት፤ ጨው፣ ብርቱ አሲድ፣ ኮስቲክ ሶዳ፣ በረኪና፣ ከሁሉም ይልቅ በየቤታችን የማይጠፋው አመድ። ድስት በአመድ ሲፈተግ ጥላሸቱ ለቆ ብረቱ የሚጠቁረው፣ የአመዱ ውሃ ቆዳውን ስለሚበላው ነው። ሞተር በኮስቲክ ሶዳ አጥበው «አብረቀረቅንልህ» የሚሉ አጣቢዎች አሉና ተጠንቀቁ፤ ቅባቱ በአንድ ጊዜ ይለቃል፣ በሳምንቱ ግን ሞተሩ እንደ ፈንጣጣ ፊት ተበሳስቶ ይገኛል።

የአዲስ አበባ አስተዳደር ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ሞተር ብስክሌት ያለ ልዩ ፈቃድ በከተማው እንዳይንቀሳቀስ በከለከለ ጊዜ፣ ብዙዎቹ በየግቢው ቆመው ቀሩ። የአንድ የሰፈራችን ልጅ ታላቅ ወንድምም ይሠራበት የነበረውን ዶቅዶቄ በላስቲክ ጠቅልሎ ሁለት ክረምት አቆመው። መጠቅለሉ በጎ ይመስላል፤ ነገር ግን የእንጦጦ ሥር ክረምት ርጥበቱን ከላስቲኩ ውስጥ አስገብቶ ስለሚያስቀረው፣ ሲገለጥ ሞተሩ ነጭ ዱቄት ለብሶ ነበር። ወንድምየው ለልጁ ሰጠው፤ ልጁም ሽጦ የሙያ ትምህርት ሊከፍልበት አሰበና ገፍቶ ወደኔ አመጣው።

ሥራው ሦስት ቅዳሜ ፈጀ። በመጀመሪያ የካርቡራተሩንና የጭስ ማውጫውን ቀዳዳ በጨርቅ ደፈንን፤ የሚፋቀው ደቃቅ ወደ ሞተሩ ከገባ ፒስቶኑን ይፍቀዋልና። ከዚያም በሳሙናና በለብታ ውሃ አጥበን ብርጭቆ ወረቀት በውሃ እየነከርን ፈተግነው፤ በ240 ቁጥር ጀምረን፣ በ400፣ በ600፣ እስከ 1000 ድረስ። በእያንዳንዱ ቁጥር አቅጣጫ መለወጥ ያስፈልጋል፤ የፊተኛው ጭረት ፈጽሞ ሳይጠፋ ወደሚቀጥለው የሚዘል ሰው በመጨረሻ የሚያብረቀርቅ ጭረት ያገኛል። ጓርኒሲዮን የሚቀመጥበትን ገጽ ግን አይነኩትም፤ በጥቂቱ እንኳ ቢጎደጉድ ዘይት ያፈሳል። የድስት መፈተጊያ ሽቦም አልፈቀድሁለትም፤ ስባሪው አሉሚኒየሙ ውስጥ ተሰክቶ በኋላ ይዝጋል።

በሁለተኛው ቅዳሜ፣ ከዘይት ማፍሰሻው ብሎን አጠገብ ስንፈትግ፣ አንድ ቦታ እንደሌላው አልበራ አለ። በጥፍር ብንነካው ማጣበቂያ ሆኖ ተገኘ፤ ከሥሩ እንደ ጣት የረዘመ ስንጥቅ አለ። ለወንድምየው የሸጠው ሰው ደፍኖ፣ ወልውሎ፣ አሳምሮ ሸጦለት ኖሯል። ልጁ ለረዥም ጊዜ ዝም አለ።

«ጋሼ፣ እንደገና ደፍነን ብንወለውለው ማን ያየዋል?»

«ገዢው ያየዋል፤ እንጦጦን ሲወጣ ሞተሩ ሲግል» አልሁት። ከዚህ በላይ አልተናገርሁም፤ ንብረቱ የርሱ፣ የትምህርት ቤቱም ክፍያ የርሱ ነው።

በሳምንቱ ሞተሩን ፈትቶ ወደ አርጎን በያጅ ወሰደው። ተራ በያጅ አሉሚኒየም አይሆንለትም፤ ብረቱ በ660 ዲግሪ ሲቀልጥ ያ የማይታየው ቆዳ ግን ከ2000 ዲግሪ በላይ ካልደረሰ አይቀልጥም፤ ስለዚህ ቆዳው እንደ ቆመ ውስጡ ፈስሶ ያልቃል። ልጁ ለብየዳው የከፈለው ሊያተርፍ ካሰበው ላይ ጥሩ አድርጎ ቀነሰበት። ሞተሩ ሲመለስ ብየዳው ባብረቀረቀው ገጽ ላይ እንደ ጠባሳ ጉብ ብሎ ነበር። በሞረድ አስተካክለን ብንወለውለው አይታይም ነበር። ልጁ ሞረዱን አንሥቶ ጥቂት ካሰበ በኋላ መልሶ አስቀመጠው።

የቀረው መጠበቁ ነበር፤ ወጣቶች የሚሰለቹትም እዚህ ላይ ነው። አዲስ የተወለወለ አሉሚኒየም መልኩ የሚቆየው ጥቂት ነው፤ ዝናብና የጣት ላብ ቶሎ ያደበዝዙታል። የመወልወያውን ቅሪት በጥቂት ዱቄት አድርቀን ካነሣን በኋላ፣ የመኪና ሰም አሳስተን ቀባን፤ በክረምት ይህ በየወሩ መደገም አለበት። አንዳንዶች ቫርኒሽ ይመርጣሉ፤ ነገር ግን ቫርኒሹ አንድ ቦታ ከተጫረ ውሃ ከሥሩ ገብቶ እንደ ትል እየተጠማዘዘ ይሄዳል፤ ሁሉንም ልጦ እንደገና መጀመር ይመጣል። ቴስታታውንና የማቀዝቀዣ ክንፎቹን እንዲያው አጥበን ተውናቸው፤ ሰም በዚያ ሙቀት አይቆይም፣ የደበዘዘ ገጽም ሙቀቱን ከመስታወት ይልቅ ይሰጣል።

ገዢው ከሱሉልታ መጣ። ዶቅዶቄውን ዞሮ ዞሮ አየ፣ ጐንበስ ብሎም ጣቱን ጠባሳው ላይ አሳለፈና ምን እንደሆነ ጠየቀ። ልጁ ነገረው። ክርክሩ ረዘመ፤ ዋጋው ከተባለው ወረደ፤ በመጨረሻ ተጨባበጡ። ሰውዬው ሞተሩን አስነሥቶ ለመሄድ ከተነሣ በኋላ እንደገና አጠፋውና፣ ያ ሰም ከየት እንደሚገዛ ጠየቀን።