ከስኳሩ ጋር ጨው

እኛ አገር፣ ወሎ ደጋ ላይ፣ እንቅርት «የውሃው ነው» ይባላል። አባባሉ ከእውነት ብዙም አልራቀም፤ የደጋው አፈር በዝናብ እየታጠበ አዮዲኑን ስለሚያጣ ውሃውም እህሉም ያጥረዋል። አዮዲን ሲጎድል የታይሮይድ ዕጢ ሆርሞኑን ለመሥራት እየታገለ ያብጣል። አያቴ የእሷን በሻሽ ሸፍና ኖራለች፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ያረገዘችው አክስቴ ናት። ለአዋቂ በቀን 150 ማይክሮግራም ይበቃል፤ ነፍሰ ጡር ግን 250 ያስፈልጋታል፤ በጣም ከጎደላት የፅንሱ አእምሮ ይጎዳል። ስለዚህ ለኢድ ስሄድ ከስኳሩ ጋር አዮዲን ያለው የታሸገ ጨው ይዤ እገባለሁ። (ይስቁብኛል፤ ይሳቁ!)

እህትና ወንድሞች፣ ለኢፍጧር ሾርባ ስትሠሩም ጨዉ ክዳን በሌለው ዕቃ ምድጃ ዳር አይቀመጥ፤ ሙቀትና እርጥበት አዮዲኑን ያባክኑታል። የሚጨመረውም ሾርባው ሊወጣ ሲል ይሁን።