ቡናው ነው ወይስ ጨዉ?

ኑ፣ ጠጋ በሉ፤ ቡናው እየተቆላ ነው። አርጆ ላይ ቡና ከተጋበዛችሁ ስኳር ከመጠየቃችሁ በፊት አንዴ ቅመሱት። ጨው አለበት። ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ መጀመሪያ ፉት ሲል ፊቱ ይጨማደዳል፤ «ተሳስታችሁ ይሆን?» ሊል ይዳዳውና በይሉኝታ ይውጠዋል። ማንም አልተሳሳተም። ወለጋ ውስጥ ቡና በጨው የሚጠጣበት ቤት ብዙ ነው፤ ደህና ቀን ሲሆን ቅቤም ጣል ይደረግበታል። የሚያስቀው፣ ከአርጆ ቁልቁል ደዴሳ ሸለቆ ውስጥ አርጆ ደዴሳ ስኳር ፋብሪካ ቆሟል። ስኳሩ ቆላ ይመረታል፣ ደጋው ቡናውን በጨው ያወራርዳል! ለነገሩ ጨው ምላስ ላይ ምሬትን ስለሚያለዝብ፣ በጣዕም በኩል እናቶቻችንን የሚያሳማቸው ነገር የለም።

ወሬው የሚመጣው በጤናው በኩል ነው። አንድ ሰው ተለክቶ «ደም ግፊት አለብህ» ይባላል። ቤቱ ሲመለስ ዘመድ ጎረቤቱ ተሰብስቦ «በቃ፣ ቡናውን ተው» ይለዋል። ይተዋል። ራሱን በሻሽ አስሮ ይሰነብታል። ጨዉን ግን ማንም አያነሳበትም፤ ወጡም ንፍሮውም እንደ ድሮው ይቀርብለታል።

እኔ እዚህ ጋ ለቡናው ጠበቃ ነኝ። ካፌይን ግፊትን ለጥቂት ሰዓት ከፍ ማድረጉ እውነት ነው፤ በተለይ ቡና ባልለመደ ሰው ላይ። የለመደ ሰውነት ግን በአብዛኛው ይላመደዋል፤ ብዙ ዓመት የፈጁ ክትትሎችም መጠነኛ ቡና ጠጪው ከማይጠጣው ይበልጥ የግፊት በሽተኛ ይሆናል አላሉም። (ግፊቱ በጣም ከፍ ያለበት ሰው ግን እኔን ትቶ ሐኪሙን ይስማ።) ጨዉን እናስላው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። በሁለት ጣት ቆንጠር የምትደረገውን ሲሶ ግራም ብንላት፣ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ሦስት ሦስት ሲኒ የሚጠጣ ሰው ገና ወጥ ሳይቀምስ 3 ግራም ጨው በቡና ብቻ ጨርሷል። እንግዲህ ማን ይከሰስ?

ወደ ካፌይኑ እንምጣ። ከቡና ለይቶ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1819 ሩንገ የሚባል ጀርመናዊ ወጣት ነው፤ ፍሬውን «መርምረው» ብሎ የሰጠው ደግሞ ባለቅኔው ጎተ ነበር። ሥራው እንዲህ ነው፦ ነቅተን በዋልን ቁጥር አንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የተባለ ንጥረ ነገር ይጠራቀማል፤ «ደክሞሃል፣ ተኛ» የሚለው እሱ ነው። ካፌይን ቀድሞ ገብቶ ወንበሩን ይይዝበታል። ድካሙ አልጠፋም፣ መቀመጫ አጥቶ ቆሟል እንጂ።

ስንት ይበቃል? የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2015 ለጤነኛ አዋቂ በቀን እስከ 400 ሚሊ ግራም ችግር የለውም ብሏል። የእኛ ቡና ከክብደቱ 1.2 በመቶ ገደማ ካፌይን ነው። 60 ግራም ተወቅጦ ለ6 ሰው ቢፈላ፣ አቦል፣ ቶናና በረካ ተደምሮ ለአንድ ሰው ቢበዛ 120 ሚሊ ግራም ይደርሰዋል። ብዙው የሚወጣው በአቦል ነው፤ ቶናና በረካ በዚያው አተላ ላይ ውኃ እየተጨመረ ስለሚፈሉ ይሳሳሉ። በቀን ሦስቴ ቢፈላ 360፣ ድንበሩ ጫፍ ላይ ነን። ድንበሩን የሚያሻግረን ጎረቤት ነው፤ «ቡና ደርሷል» ተብሎ ተጠርቶ ማን ይቀራል?

የመተው ነገር ከተነሳ፣ ስሟ በቡናዋ የሚጠራው ጊምቢ የአድቬንቲስት ሆስፒታል አላት፤ አድቬንቲስቶች ደግሞ ምእመናቸው ቡናም ሻይም እንዳይጠጣ የሚመክሩ ናቸው። በቡና አገር ላይ ከባድ ስብከት ነው! መተው ለፈለገ ሰው ቀስ በቀስ ይሻላል። በአንዴ ላቆመ፣ ሀራራው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ውስጥ ይጀምራል፦ ራስ ፍልጠት፣ ንጭንጭ፣ መፍዘዝ። እስከ 9 ቀን ሊቆይ ይችላል፤ ገዳይ ግን አይደለም።

ከጥቅሙም ልንገራችሁ። ቡና የሚያዘወትሩ ሰዎች የጉበት መጠንከር፣ የሁለተኛው ዓይነት ስኳር በሽታና ፓርኪንሰን ያነሰ እንደሚታይባቸው ከአንድ በላይ አገር በተደረጉ ጥናቶች ተደጋግሞ ታይቷል። መድኃኒት ነው ማለት ግን አይደለም። ጨጓራውን ለሚያቃጥለው፣ ልቡ ለሚርበተበትበት ሰው ይህ ሁሉ ምን ያደርግለታል?

እኔን የሚያሳስበኝ የነፍሰ ጡር ነገር ነው። በእርግዝና መጨረሻ ወራት ካፌይን ከሰውነት የሚወጣበት ፍጥነት በጣም ይቀንሳል፤ በሌላ ሰው ግማሹ ለመውጣት 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ በእሷ ግን 15 ሰዓት ያህል ሊወስድ ይችላል። ጽንሱ ራሱ ሊያብላላው አይችልም። ስለዚህ ለእሷ የተቀመጠው ልክ 200 ሚሊ ግራም ነው። ታዲያ ቡናውን የምታፈላው እሷ፣ አቦሉን የምትቀምሰው እሷ! ለእሷ በረካውን አቆዩላት። ሌላው ደም ማነስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 አሜሪካ ውስጥ በታተመ ጥናት፣ ከምግብ ጋር የተጠጣ ቡና ከዚያ ምግብ የሚገኘውን ብረት በ39 በመቶ ቀንሶታል። ከምግብ አንድ ሰዓት ቀድሞ ሲጠጣ ምንም አልጎዳም፤ ከምግቡ አንድ ሰዓት በኋላ ሲጠጣ ግን አብሮ የተጠጣ ያህል ነበር። የእኛ ልማድ ደግሞ መሶብ ሲነሳ ረከቦት ማቅረብ ነው። ጤና ጣቢያ የሰጣትን የብረት ኪኒን በቡና የምትውጥ እህት ካለች፣ እባካችሁ በውኃ በሏት።

የማታው ቡና? በ12 ሰዓት የተጠጣው ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና ደም ውስጥ ነው። «እኔ ጠጥቼ ነው የምተኛው» የሚል አይጠፋም፤ ጉበቱ ካፌይንን ቶሎ የሚያጣራ ሰው አለ፣ የሚያጓትትም አለ። ወለጋ ዩኒቨርሲቲ በፈተና ሰሞን በቡና ነቅቶ የሚያድር ተማሪ ግን እንቅልፉን ነው የሚበደረው።

ቡና ቀላ ከቀረበላችሁ ደግሞ ሌላ ሒሳብ ነው። የደረቀው ፍሬ ከነገለባው ጫፉ ተነክሶ በቅቤ ይጠበሳል፤ ሽማግሌዎች መርቀው ያድሉታል። ፍሬው ስለሚበላ ካፌይኑ አተላ ላይ አይቀርም፤ ቅቤውና ጨዉም አብረው አሉ። ግን ለልደት፣ ለሠርግ፣ ለእርቅ እንጂ በየቀኑ የሚበላ አይደለም። ሽማግሌው መርቀው እጃቸውን ሲዘረጉ ሚሊ ግራም አትቁጠሩ፤ መዳፋችሁን ዘርግታችሁ ተቀበሉ፣ ቅቤው እጅጌያችሁ ላይ እንዳይፈስ ብቻ ተጠንቀቁ።