ከናዝሬት ቦምቤይ በሃምሳ ሳንቲም

የድሮ የናዝሬት ልጅ አዲስ አበባን ሳይረግጥ ቦምቤይን ያውቅ ነበር። አዲስ አበባ ለመሄድ የአባት ፈቃድ፣ የአውቶቡስ ብርና የሚያሳድር ዘመድ ያስፈልጋል። ቦምቤይ ግን ሃምሳ ሳንቲም ነበረች! በጠመኔ «የህንድ፣ አሪፍ የበቀል ፊልም» ተብሎ የተጻፈበትን የቪዲዮ ቤት ሰሌዳ አልፈህ፣ መጋረጃውን ገለጥ አድርገህ፣ በጨለማ የሰው እግር እየረገጥህ አግዳሚ ላይ ቂጥ ማሳረፊያ ካገኘህ በቃ፣ ደርሰሃል። ውጭው የስምጥ ሸለቆ ሐሩር ነው፣ ውስጡ ላብ በላብ። ፊታችን ደግሞ ያ የማያባራ የቦምቤይ ዝናብ ይወርዳል፤ አንዷ ልጅ እየዘፈነች ትበሰብሳለች። እኛ አፋችንን ከፍተን ቀዘቀዘን እንላለን።

ህንድኛ የሚያውቅ አልነበረም። ተርጓሚያችን ፊልሙን ትናንት ያየ ልጅ ነው። ከፊት ይቀመጥና ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በኦሮምኛ ያንበለብለዋል። ከመተሐራና ከወለንጪቲ ለገበያ የመጡትም አይቀርባቸውም። በሱ አፍ የቦምቤይ ፖሊስ አዛዥ ልክ እንደ ቀበሌ ሊቀመንበር ይቆጣል፣ የወደቡ ወንበዴ እንደ እህል ነጋዴ ይከራከራል። ዘፈን ሲመጣ «ይዋደዳሉ» ይልና ያርፋል። ከዚህ የተሻለ ትርጉም እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

ናዝሬት ያኔ የጋሪ ከተማ ነበረች። እና እ.ኤ.አ. በ1975 የተሠራው «ሾሌይ» ከስንት ዘመን በኋላ እኛ ዘንድ ሲደርስ ምን ይዞ መጣ? ጋሪ! ያውም የምትነዳው ሄማ ማሊኒ! ምላሷ አያርፍም፣ ፈረሷ ዳኖ ትባላለች፣ ሽፍቶች ሲያሳድዷት ፈረሷን እየገረፈች ትሸሻለች። በማግስቱ የፖስታ ቤት ጋሪ ነጂዎች ጭነታቸውን ረስተው እሽቅድምድም ገቡ። «ሾሌይ» እርግጥ የገጠር ታሪክ ነው፤ ለኛ ግን ፈረስና አቧራ እስካለ ድረስ ከተማ ነበር።

እውነተኛዋን ቦምቤይ ያሳየን በዚያው ዓመት የወጣው «ዲዋር» ነው። አሚታብ ባቻን ገና ልጅ ሳለ (የሚጫወተው ሌላ ሕፃን ነው) ከእናቱና ከወንድሙ ጋር ድልድይ ሥር እያደረ ሊስትሮ ይሠራል። አንዱ ባለመኪና ጫማውን አስጠርጎ ሳንቲሙን ሲወረውርለት ልጁ አላነሳም አለ፤ በእጄ ስጠኝ ነው የሚለው። ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሊስትሮዎች ሣጥናቸውን በብሩሽ እየደበደቡ ጮኹ፣ ባለቤቱ ፊልሙን ሊያቆም ደረሰ። እናቱ ጡብ እየተሸከመች ፎቅ ትሠራለች። ልጁ አድጎ የኮንትሮባንድ ጌታ ሲሆን ያንን ፎቅ ራሱን ለሷ ሊያበረክት ይገዛዋል። እናቶቻችን ሲሚንቶ የተሸከሙልን ልጆች ይህን የሚያስረዳን ተርጓሚ አላስፈለገንም።

ልጁ ከዚያ በፊት የወደብ ሠራተኛ ሆኖ ክንዱ ላይ ያሰረው የነሐስ ቁጥር 786 ነው። ለምን 786 እንደሆነ ያስረዱን ሙስሊም ጓደኞቻችን ናቸው፤ የቢስሚላህ ቁጥር ነው። ጥይት ሲመጣ ያ ነሐስ ያድነዋል፣ መጨረሻ ላይ ከእጁ ሲወድቅ ግን ይሞታል። ይሞታል! «አክተር አይሞትም» የሚለው የቪዲዮ ቤት ሕገ መንግሥት ዓይናችን እያየ ተሻረ። ሃምሳ ሳንቲማችን ይመለስ ብለን በሩን ዘግተን ነበር።

እ.ኤ.አ. የ1977ቱ «አማር አክበር አንቶኒ» ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። በልጅነት የተበታተኑ ሦስት ወንድማማቾች አንዱ ሂንዱ፣ አንዱ ሙስሊም፣ አንዱ ክርስቲያን ሆነው ያድጋሉ። ከዚያ ሦስቱም አልጋ ለአልጋ ተኝተው ለአንዲት የማያውቋት ሴት ደም ይሰጣሉ፤ ሴትየዋ ለካ እናታቸው ናት። የተማሩ ሰዎች በዚህ ይስቃሉ። እኛ ግን ምኑ ይገርማል? ናዝሬት ውስጥ ሰው አይጠፋም ነበር። ብድር ያለብህ ሰው ፖስታ ቤት ጋ ይጠብቅሃል፣ ከእሱ ስትሸሽ ባቡር ጣቢያ አባትህ ላይ ትወድቃለህ። በዚያ ላይ አማርም አክበርም አንቶኒም በአንድ ግቢ ይኖሩ ነበር። ቦምቤይ ማለት ባሕር ያላት ናዝሬት መስላን ነበር (ባሕሩንም ሶደሬ መዋኛ ላይ ውኃ እየጨመርን ነው የገመትነው)።

ዛሬ ቦምቤይ ሙምባይ ሆናለች፣ የኛዋም የጥንት ስሟን ይዛ አዳማ ናት። እ.ኤ.አ. በ2014 የፍጥነት መንገዱ ተከፈተ፣ ከዚያም አዲሱ ባቡር ጣቢያውን ከመሀል ከተማ አርቆ ሠራ፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ መጣ። ከሰሜንም ከደቡብም ሰው ጎረፈ። ከፍራንኮ እስከ ፖስታ ቤት በእግሬ ሄጄ አንድ የማውቀው ሰው ሳላይ የተመለስኩ ቀን ነው «አማር አክበር አንቶኒ» ገና የገባኝ። ያ ፊልም የተሠራው ለኛ ዓይነት ሰፈር አልነበረም። ከክፍለ ሀገር ጓዙን ጠቅልሎ ለመጣ፣ በሚሊዮን ሕዝብ መሀል ወንድሙን ለተነጠቀ ሰው ነው። የ«ሾሌይ»ና የ«ዲዋር» ደራሲዎች ሳሊም ኻንና ጃቬድ አኽታርም ሁለቱም ከሌላ ከተማ ወደ ቦምቤይ የመጡ ነበሩ። መገናኘቱ ውሸት ነው፤ ናፍቆቱ ግን ልክ ነው። እኔ እንደውም ስለ ከተማ ከተጣራው ፊልም ይልቅ የተጋነነው ብዙ ይናገራል ባይ ነኝ።

ፊልሙ የሸሸገውን ደግሞ ልብ ወለድ አወጣልኝ። የሮሂንተን ሚስትሪ እ.ኤ.አ. የ1995 መጽሐፍ ሁለት ልብስ ሰፊዎችን ከመንደር አምጥቶ ስሟ ባልተጠራ ባሕር ዳር ከተማ ይጥላቸዋል። ዘመኑ ኢንድራ ጋንዲ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያወጁበት ነው። ከተማ ይዋብ ተብሎ የሚኖሩበት የቆርቆሮ ሰፈር በዶዘር ይፈርሳል። እዚህ ገጽ ላይ ስደርስ ዘፈን ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ። አልመጣም።

የዛሬ ልጆች ህንድን በ«ዚ ዓለም» ቴሌቪዥን ጥርት ባለ አማርኛ ያያሉ፣ የአማት ክፋት ከማን እንዳነሰ ሳሎናቸው ተቀምጠው ይዳኛሉ። መንገድ ላይ ደግሞ ጋሪው ቀርቶ ባጃጅ ሆኗል። የባጃጅ ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤቱ ፑኔ ነው፣ የሙምባይ ጎረቤት! ይህን በቅርቡ ሰማያዊ ባጃጅ ለሚነዳ አንድ ወጣት በደስታ ነገርኩት።

«እና ምን ይጠበስ፣ ፋዘር?» አለኝ።

ነገር ለመቀየር የአራቪንድ አዲጋን ልብ ወለድ ተረኩለት፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ቡከር የተሸለመውን። ድሃ ሾፌር ነው፤ ዴልሂ ውስጥ የጌታውን መኪና እየነዳ ንቀቱን ይውጣል፣ በመጨረሻ ጌታውን ገድሎ ብሩን ይዞ ባንጋሎር ይገባና የታክሲ ድርጅት ይከፍታል። ልጁ ፍሬን ያዘ።

«ተያዘ?»

«አልተያዘም።»

ከኋላ ክላክስ ሲያስጮሁብን ዞሮም አላየ። ትንሽ አሰበና «ፋዘር፣» አለ፣ «ይቺን ታሪክ ለባለባጃጁ እንዳይነግሩብኝ።»