142.50 ምን እንደሆነ የሚያውቀው ማነው?

ሐምሌ 2017 የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጁ ሲጸድቅ ከደመወዝ ግብር ነፃ የሆነው መነሻ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ፤ እርከኖቹም አብረው ተቀየሩ። ለደመወዝተኛው መልካም ዜና ነው። ደመወዝ የሚያሰላ ፕሮግራም አሠርቶ በብሮውዘር ለሚጠቀም መሥሪያ ቤት ግን ሌላ ጥያቄ ይዞ ይመጣል፤ ማን ይቀይረው? ወረታ ከተማ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የሚያሠራው የግል ኮሌጅ፣ ክሊኒክ፣ የሩዝ መፈልፈያ ወይም የገበሬዎች ዩኒየን ሊሆን ይችላል። የሚሠራለት አብዛኛውን ጊዜ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ያለ አንድ ወጣት ወይም ትንሽ ድርጅት ነው። ርክክብ ሲደረግ አሠሪው እጅ የሚገባው የመግቢያ ስም፣ የይለፍ ቃልና የግማሽ ቀን ሥልጠና ነው። ሶርስ ኮዱን፣ ማለትም ሰው ጽፎት ሰው የሚያነበውን ጽሑፍ፣ የሚጠይቅ የለም። ሠሪው ስልክ ማንሳት ያቆመ ዕለት ግን ሁሉም ይጠይቃል።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ምክር ይታወቃል፤ «ዲኮምፓይል አድርጉት»። ይህ ምክር ትክክል ነው፣ ግን ግማሹ ብቻ ነው። ከተጠናቀቀ ፕሮግራም ሶርስ ኮድ ማስመለስ የፕሮግራመር ሥራ ብቻ ተደርጎ መታየቱ ስህተት ይመስለኛል። ቢያንስ እኛ አገር ለተሠራ ሶፍትዌር ከፕሮግራመሩ እኩል የሚያስፈልገው ሒሳብ ሠራተኛው ነው፤ እሱም ጡረታ ሳይወጣና ሳይዛወር።

መጀመሪያ ማሽኑ የሚመልሰውን እንይ። ፕሮግራሙ በፒኤችፒ ተሠርቶ በመቆለፊያ ሶፍትዌር ካልታሸገ፣ ሰርቨሩ ላይ ያለው ፋይል ራሱ ሶርስ ኮዱ ነው፤ ጠፋ የተባለው አልጠፋም። በጃቫ ከሆነ ሰርቨሩ ላይ የተጫነውን ጥቅል ፈትተው ሲኤፍአር ወይም ፈርንፍላወር ለተባሉት መሣሪያዎች ይሰጡታል፤ በዶትኔት ከሆነ ኢልስፓይ አለ። ሁሉም በነፃ የሚገኙ ናቸው። ሆን ተብሎ ካልተደበቀ በቀር የክፍሎቹና የተግባሮቹ ስም ሳይቀር ይመለሳል። ጃቫስክሪፕት ይከፋል፤ ለብሮውዘር ሲዘጋጅ ስሞቹ ወደ ነጠላ ፊደል ያጥራሉ፣ ሁሉም በአንድ ረጅም መስመር ይጠቀጠቃል። እዚህም ቢሆን ሠሪው ረስቶ ሶርስ ማፕ የሚባለውን ፋይል ሰርቨሩ ላይ ትቶት ከሆነ ዋናው ጽሑፍ ከነማብራሪያው ሊገኝ ይችላል፤ ስለዚህ ሌላ ከመጀመር በፊት እሱን መፈለግ ነው። አንድ ማሳሰቢያ፤ በብሮውዘር በኩል የሚገኘው የገጹ ፊት ብቻ ነው፤ ሒሳቡ የሚሠራው ሰርቨር ላይ ከሆነ ሰርቨሩ ውስጥ መግባት ግድ ነው።

እንግዲህ ደመወዝ የሚያሰላው ክፍል ተመለሰ እንበል። የሚታየው ይህን ይመስላል፤ አንድ ቁጥር ከ1650 በልጦ ከ3200 ካልበለጠ በ0.15 ይባዛል፣ ከውጤቱ 142.5 ይቀነሳል። ቀጥሎ 302.5፣ ቀጥሎ 565፣ ከዚያ 955፣ መጨረሻ 1500። በጽሑፉ ጎን የነበረው ማብራሪያ ኮምፓይል ሲደረግ፣ ማለትም ለማሽን ሲዘጋጅ፣ ወድቋል። በውጭ አገር የሚሠራ ጎበዝ ፕሮግራመር ይህን አይቶ ኮዱ ምን እንደሚያደርግ በደቂቃ ይነግራችኋል፤ ለምን እንደሚያደርግ ግን አይነግራችሁም። ደመወዝ ሲሠራ የኖረ ሒሳብ ሠራተኛ ደግሞ ኮድ የሚባል አይቶ ባያውቅም 142.50ን ሲያይ «ይህማ የድሮው የግብር ሠንጠረዥ ተቀናሽ ነው» ይላል። በአዲሱ ሠንጠረዥ ቦታቸውን የሚይዙት 300፣ 500፣ 850፣ 1,350 እና 2,050 መሆናቸውንም እሱው ያሰላዋል።

ሌላ ቦታ ደግሞ ኮዱ ወር 11 ከሆነ ወይም ከበለጠ ዓመቱ ላይ አንድ ይጨምራል። የውጭ ሰው ስህተት መስሎት ሊሰርዘው ይችላል። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 እንደሚጀምርና ሐምሌ አሥራ አንደኛው ወር እንደሆነ ለሚያውቅ ግን ግልጽ ነው። አሠሪው ለጡረታ የሚከፍለው 11 በመቶ መሆኑ ነገሩን ያወሳስበዋል፤ ሁለት 11 በአንድ ገጽ፣ አንዱ ወር፣ ሌላው ገንዘብ። የቀን መቀየሪያው ክፍል ላይ ሲደረስ 1723856 የሚል ቁጥር ብቅ ይላል፤ የእኛን ዘመን አቆጣጠር ከሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች የቀን ቆጠራ ጋር የሚያገናኘው ነው። አጠገቡ ዓመቱ ለአራት ሲካፈል ቀሪው 3 መሆኑ ይጠየቃል፤ ይህ ጳጉሜን ስድስት ቀን የሚሆንበት ዘመነ ሉቃስ ነው፣ ለምሳሌ 2015። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ዲያቆን ይህን መስመር ከብዙ መሐንዲስ ቀድሞ ያነበዋል።

የጉማራና የርብ ወንዞች ሞልተው ማሳው ላይ ደለል ሲያለብሱ መሬቱ እዚያው ነው፤ የሚጠፋው ድንበሩ ነው፣ እሱን የሚያሳየውም ጎረቤት ነው። የተመለሰ ኮድም እንዲሁ ሥራውን ይዞ ስሙንና ምክንያቱን አጥቶ ይወጣል።

ለእኛ የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። በገጹ ላይ የሚታዩ የአማርኛ ጽሑፎች፣ «የተጣራ ክፍያ»፣ «የትርፍ ሰዓት»፣ ኮምፓይል ሲደረግ አይጠፉም፤ ቢበዛ በቁጥር ተተክተው ይቀመጣሉ። በኮዱ ጫካ ውስጥ መንገድ የሚያሳዩት እነሱ ናቸው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ በቆየ ፕሮግራም ውስጥ በቪዥዋል ግዕዝ ዘመን አሠራር የተጻፈ ቃል ካለ ግን የላቲን ፊደል ትርምስ ሆኖ ይወጣል፣ ያን የሚያውቅ ሰውም እየቀነሰ ነው።

«ይህ ሌብነት አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። የሰውን ፕሮግራም ፈትቶ አዲስ ስም ሰጥቶ መሸጥ ሌብነት ነው። አሠሪው የራሱን ሥርዓት ለማስተካከል ሲፈታው ግን ጉዳዩ ይለያል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በቅጥር ወይም በትእዛዝ የተሠራ ሥራ የመጀመሪያ መብት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የአሠሪው እንደሆነ ይደነግጋል። እንግዲህ ብዙ መሥሪያ ቤት በሕግ ባለቤት ሆኖ ሳለ የያዘው የይለፍ ቃል ብቻ ነው። ተዘጋጅቶ የተሸጠ ሶፍትዌር ከሆነ ውሉን ማንበብ ያስፈልጋል፤ እዚያ ላይ አልከራከርም። በአውሮፓ ይህ ጥያቄ ፍርድ ቤት ደርሷል። ሴሎር የተባለው የቤልጂየም የመንግሥት ሠራተኞች መልማይ ቶፕ ሲስተም የሠራለት ሥርዓት ችግር ሲፈጥርበት ከፊሉን ፈትቶ እንከን ያለበትን ተግባር አጠፋው፤ ኩባንያውም ከሰሰ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 6 ቀን 2021 ፕሮግራሙን በሕጋዊ መንገድ የገዛ ሰው ስህተት ለማረም፣ ለእርማቱ በሚያስፈልገው መጠንና ውሉን አክብሮ፣ መፍታት እንደሚችል ወሰነ። እኛን የሚያስገድድ ፍርድ አይደለም፤ ጥያቄው የሌብነት ብቻ እንዳልሆነ ግን ያሳያል።

ሁለተኛው ተቃውሞ አዲስ ነው፤ «አሁን አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ አለ፣ ሁሉንም ይተረጉመዋል»። በከፊል እውነት ነው። ነጠላ ፊደል የሆኑትን ስሞች አውዱን አይቶ ጥሩ አድርጎ ይገምታል፤ 142.5 በታተመ የግብር ሠንጠረዥ ውስጥ ስላለም ሊያውቀው ይችላል። ነገር ግን ኮዱ የሥራ ክፍል ቁጥር 7ን ከትርፍ ሰዓት ክፍያ ቢያስቀር ምክንያቱ የትም አልታተመም። ምናልባት የጥበቃ ሠራተኞቹ በፈረቃ ስለሚከፈሉ ነው፤ ምናልባት የቀድሞ ሥራ አስኪያጅ በቃል ያዘዘው ነው። መሣሪያው ምክንያት ቢጠየቅ ደስ የሚል ምክንያት ይፈጥራል፣ እዚህ ላይ አደጋው ይህ ነው። እውነተኛውን ምክንያት የምታውቀው ያን ጊዜ ደመወዝ ትሠራ የነበረችው ሴት ናት።

«ታዲያ ከዜሮ አዲስ ቢሠራስ?» ብዙ ጊዜ የማይቀር ነው፤ እኔም የምመርጠው ይሆናል። ግን አዲሱን ለመሥራትም ያው ምክንያት ያስፈልጋል። ደግሞም የ2016 ደመወዝ ኦዲት ሲደረግ ወይም ውዝፍ ሲከፈል የሚሠራው የድሮው ሕግ ነው፤ የድሮው ኮድ በእርግጥ ምን አስልቶ እንደከፈለ የሚመሰክር ሰነድ ነው። ሶፍትዌር ከሠሪዎቹ ዕድሜ በላይ ይኖራል። የወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤቶች የሚያውቁት የበጀትና የወጪ ሥርዓት፣ አይቤክስ፣ በ1990ዎቹ በሀርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በሚመራ ፕሮጀክት ተሠራ፤ ፕሮጀክቱ ተዘግቶም ሥርዓቱ ለዓመታት አገልግሏል። የጤና ሚኒስቴር የሚጠቀምበት የጤና መረጃ ሥርዓት፣ ዲኤችአይኤስ 2፣ ሶርስ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ይህ ጭንቀት የለበትም፤ ለአንድ ዩኒየን ደመወዝ የተጻፈን ፕሮግራም ግን በክፍት የሚያዘጋጅለት ዓለም አቀፍ ማኅበረሰብ የለም።

ስለዚህ የወንዜ ልጆች፣ ሥርዓታችሁ ገና እየሠራ ሳለ አንድ ሳምንት መድቡለት። ሰርቨሩንና ዳታቤዙን ቅዱ፣ ፕሮግራመሩ የሚመልሰውን ይመልስ፣ ሒሳብ ሠራተኛዋ አጠገቡ ተቀምጣ በእያንዳንዱ ቁጥር ጎን ምክንያቱን ታስጽፍ። ከዚያ የተመለሰው ኮድ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ይጫንና አንድ የተከፈለ ወር እንደገና ይሥራ። ባለ 10,000 ብር ደመወዝተኛ በድሮው ሠንጠረዥ 2,045 ብር ግብር ሊወጣለት ይገባል። ቁጥሮቹ ተቀይረው በአዲሱ ሲሠራ 1,650 ብር ካልወጣ ያልተገኘ ሌላ ቦታ አለ ማለት ነው።